ከቶኪዮ እስከ ኦኩኢዙሞ፦ የዘመኑን ቀጥቃጮች ጩቤ ፍለጋ

ጃፓን ውስጥ ዛሬም ጩቤ በእጅ ይቀጠቀጣል። ታንቶ ይሉታል። ስለቱ ከአንድ ሻኩ ያንሳል፤ በእኛ መለኪያ ከ30.3 ሳንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ከዚያ የረዘመው ዋኪዛሺ፣ ሁለት ሻኩ ያለፈው ደግሞ ካታና ይሆናል። የብዙ ሰብሳቢ ልብ የሚሸፍተው ለጥንቱ ነው፤ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ለቆየው። እኔን የሚስበኝ በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚሠሩት ነው። የጥንቱን ስትገዛ ገንዘቡ ከሻጭ ወደ ሻጭ ይዞራል። የዘመኑን ስትገዛ ግን ነገ ከሰል ለሚገዛ ሰው ይደርሳል።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እስካሁን የሰበሰብኳቸውን ጩቤዎች የገዛሁት በኢንተርኔት ነበር። ብረቱ ላይ ስም ተቀርጿል፤ የስሙን ባለቤት ግን አላውቀውም። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ በጥቅምት መጨረሻ ተነሣሁ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ ዓመቱ 2017 ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27፦ ካትሱሺካና ሪዮጎኩ

ቶኪዮ ያረፍኩት አብሮ አደጌ ቤት ነው። ለትምህርት መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል። የሚኖረው ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ ሰፈር ነው። ጃፓን ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ያሉት በዚህ ወረዳ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ ሻንጣ እየጎተትኩ ሳለ ሁለት ሴቶች በአማርኛ እያወሩ አለፉኝ። ልቤ ሞቀ።

ጾም ስለሆነ ባለቤቱ ሽሮና ጎመን አቀረበች። እንጀራው ሩዝ ዱቄት ተቀላቅሎበታል፤ ቢሆንም ዓይኑ ጥሩ ነው። «ብላ እንጂ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የምታገኘው ኑድል ብቻ ነው» አለኝ ወዳጄ።

የገረመኝ ሌላ ነው። ከዘመኑ ሰይፍ ሠሪዎች ሁሉ ስማቸው በውጭ አገር የሚታወቀው ዮሺሃራ ዮሺንዶ የዚሁ ወረዳ ሰው ናቸው። ከዮትሱጊ በባቡር ሦስት ፌርማታ ሄዶ ታካሳጎ ሰፈር ነው ቦታቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱ፣ ሙያውን ከአያታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። ሥራቸው ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብቷል። ቀጠሮ ስላልነበረን ደጃፋቸውን አልረገጥንም። ግን የእኛ ሰዎች እንጀራ የሚጋግሩበት ሰፈርና እንዲህ ያለ ምድጃ በአንድ ወረዳ መገናኘታቸው ደስ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሪዮጎኩ ሄድን። ሰፈሩ የሱሞ ታጋዮች ሰፈር ነው። በኖቬምበር ውድድሩ ወደ ፉኩኦካ ስለሚሄድ ጭር ብሏል። የጃፓን ሰይፍ ሙዚየም በአሮጌው የያሱዳ የአትክልት ቦታ ጥግ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ከዮዮጊ ወደዚህ የተዛወረው። ሕንፃውን የነደፉት ፉሚሂኮ ማኪ ናቸው። መግቢያው 1,000 የን ነው። ያን ሰሞን አንድ ዶላር ከ150 የን በላይ ይመነዘር ስለነበር ሰባት ዶላር አይሞላም።

ሙዚየሙን የሚያስተዳድረው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። ጃፓን በ1945 እጅ ስትሰጥ አሜሪካኖቹ ሰይፍ ሁሉ መሣሪያ ነው ብለው ሰበሰቡ። የቀለጠው ቀለጠ፣ ባሕር የተጣለው ተጣለ። መሥራትም ተከለከለ። ቀጥቃጮቹ ማጭድና የወጥ ቤት ቢላ እየሠሩ ዕለት ጉርሳቸውን ፈለጉ። ፈቃዱ የተመለሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ «ሺንሳኩቶ» ይባላል፤ እኔ የምሰበስበው ይሄን ነው።

መስታወቱ ፊት ብዙ ቆምኩ። ረጃጅሞቹ ዘንድ ሰው ይጋፋል። ጩቤዎቹ ዘንድ ማንም የለም። ለእኔ ተመቸኝ። ጎንበስ እያልኩ፣ መብራቱ ስለቱ ላይ እንዲሄድልኝ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ እያዘነበልኩ አየሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28፦ የቶኪዮ ሱቆች

ጠዋት አንድ የታወቀ የቱሪስት ሰፈር ገባን። «የሳሙራይ ጩቤ» ተብሎ በ15 ሺ የን የሚሸጥ አየሁ። አንድ ጎብኚ እውነተኛ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ ራሱን ነቀነቀለት። እውነተኛ አልነበረም። የዚንክና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ማግኔት አይዘውም፣ ስለትም አይወጣለትም። ይህ ነገር ያናድደኛል። የአገሩን ትልቅ ሥራ ለማያውቅ እንግዳ እንዲህ አድርጎ ማሳየት ነውር ነው።

እውነተኛውን መለየት ከባድ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ያለ የእጅ ሥራ ሰይፍና ጩቤ የምዝገባ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ወረቀቱን የሚሰጠው የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ ነው። ርዝመቱ፣ የእጀታው ቀዳዳ ብዛት፣ የተቀረጸው ስም ሁሉ ይጻፍበታል። ምዝገባው የብረቱ እንጂ የሰውየው አይደለም። ጩቤው ሲሸጥ ወረቀቱ አብሮት ይሄዳል፣ አዲሱ ባለቤት በ20 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ያሳውቃል። ወረቀት የሌለውን መንካት የለብህም።

ከሰዓት በኋላ ጊንዛ አካባቢ ካለ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ጫማ አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሰውየው በሐር ከረጢት የተጠቀለለ ታንቶ አምጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይመዘዛል። ብረቱ በባዶ ጣት አይነካም። ብረቱ ላይ አፍ ከፍቶ አይወራም፤ ምራቅ ጠብ ካለ ዝገት ይተክላል። ጫፉን ወደ ሰው ማዞር ብልግና ነው።

ዋጋውን ጠየቅሁ። የወጣት ቀጥቃጭ ሥራ፣ በነጭ እንጨት አፎት፣ ከ400 ሺ የን ጀምሮ አለ። የሙካንሳዎቹ ሥራ ግን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ይዘላል። ሙካንሳ ማለት ውድድር ደጋግሞ አሸንፎ ሥራው ከእንግዲህ የማይመዘን ጌታ ነው። ውድ ነው አትበሉ። ሕጉ ለአንድ ቀጥቃጭ በወር የሚፈቅድለት ሁለት ረጅም ሰይፍ ወይም ሦስት አጭር ብቻ ነው። ሌት ተቀን ቢሠራ እንኳ ከዚያ አያልፍም። ከገቢው ላይ ከሰሉ፣ ብረቱ፣ ሞራጁ፣ አፎት ሠሪው ይቀነሳል።

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። «ቀጥቃጩን ካገኘህ ከእሱ ግዛ፤ ለእኔ ሌላ ጊዜ አለ» አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29፦ ሴኪ

ወዳጄ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ወጣ። በፈጣኑ ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ እስከ ናጎያ ወደ 11 ሺ የን ነው። ውድ ነው፤ ግን ፉጂ ተራራን በመስኮት ጥርት ብሎ አየነው። ከናጎያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሚኖኦታ ላይ አንድ ፉርጎ ብቻ ያላት የገጠር ባቡር ተሳፈርን። ሒሳብ የሚከፈለው ሲወረዱ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ባለች ሣጥን ውስጥ ነው። የቶኪዮ ካርዳችን አይሠራም፤ በእጃችን ያለው ባለ 10 ሺ የን ኖት ነው፤ ማሽኗ ደግሞ እሱን አትመነዝርም። ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቃል። አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሥተው መጡና የሁለታችንንም ከራሳቸው ሳንቲም ከፈሉልን። ወርደን ሱቅ ውስጥ መንዝረን ስንመለስ ባቡሩም እሳቸውም ሄደዋል። እግዜር ይስጣቸው።

ሴኪ ከ700 ዓመት በላይ ብረት ሲቀጠቀጥባት የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ ዋና እንጀራዋ የወጥ ቤት ቢላና መቀስ ነው። ከጀርመኗ ዞሊንገንና ከእንግሊዟ ሼፊልድ ጋር ስሟ ይጠራል። የቀጥቃጮቿ ሙዚየም መግቢያው 300 የን ብቻ ነው። የጥንቱን የሴኪ ቀጥቃጭ የማጎሮኩ ካኔሞቶን ስለት መስመር ያየሁት እዚያ ነው፤ ሦስት ሦስት ጥድ ተሰልፎ እንደቆመ ከፍ ዝቅ ይላል።

ስለዚህ መስመር አንድ ነገር ልበል፤ ሳላውቀው ገዝቼ በኋላ ነው የገባኝ። ብረቱ ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ሸክላ ይለቀለቃል። ሸክላው ከከሰልና ከሞረድ ድንጋይ ዱቄት ጋር የተቦካ ነው። ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ከዚያ ይግላል፤ ቀለሙ እንዲለይ ቤቱ ይጨልማል። ውኃ ውስጥ ሲነከር ስሱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ይጠነክራል። ወፍራሙ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዝና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የሁለቱ ድንበር ነው ያ ነጭ መስመር፤ ሃሞን ይባላል። በቀለም የተሣለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። አንዳንዱ በዚያች ቅጽበት ይሰነጠቅና የብዙ ሳምንት ልፋት ውኃ ይበላዋል።

ከተማው በእባብ ዓሣ ጥብስ የታወቀ ነው። ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። እኔ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም፤ ዓርብም ነው። ጎሄሞቺ የሚባል አገኘሁ፤ ሩዙ ተደቁሶ፣ እንጨት ላይ ተለጥፎ፣ በአኩሪ አተርና በለውዝ ስልስ ተቀብቶ ፍም ላይ ይጠበሳል። ሁለቱን በላሁና ጠገብኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30፦ ኦካያማ

ቀኑ በባቡር አለቀ። ማታ ኦካያማ ስንደርስ የያዝነው ሆቴል «ስማችሁ የለም» አለን። የከፈልንበትን መልእክት በስልክ አሳየን፤ ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀች፣ አልጋ ግን የለም። ከተማው በሠርግና በስብሰባ እንግዳ ሞልቷል። በዝናብ ውስጥ ስንዞር አምሽተን አንድ የካፕሱል ማደሪያ በ4,500 የን አገኘን። ሰው እንደ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚተኛበት ነው፤ ግን ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ገንዳም አለው። ገንዘባችን በኋላ ተመልሶልናል።

እሑድ፣ ኅዳር 1፦ ኦሳፉኔ

የመጣነው ለዚህ ቀን ነው። የቢዘን ኦሳፉኔ የሰይፍ ሙዚየም በየወሩ በሁለተኛው እሑድ ብረት ሲቀጠቀጥ ለሕዝብ ያሳያል። በአኮ መስመር ባቡር ሄደን ከጣቢያው ታክሲ ያዝን። ዝናቡ አባርቷል። ሩዝ የታጨደባቸው ማሳዎች፣ ብርቱካንማ ፍሬ የተንጠለጠለባቸው የካኪ ዛፎች፣ ዮሺኢ የሚባል ሰፊ ወንዝ። ሰላማዊ ገጠር ነው።

በጃፓን ታሪክ ስሙ ከገነነው ሰይፍ ግማሽ ያህሉ የተሠራው በዚህ ገጠር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወንዙ የብረት አሸዋና ከሰል ከተራራው ያመጣላቸው ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ያው ወንዝ ሞልቶ መንደሩን ጠረገው። ብዙ ቀጥቃጭ ቤተሰብ ያኔ አለቀ።

ሰዉ ሳንቾሞን ለማየትም ይመጣል። የጥንቱ የጦር መሪ የኡኤሱጊ ኬንሺን ንብረት የነበረ ረጅም ሰይፍ ነው። ሴቶኡቺ የምትባለው ይህች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 በ500 ሚሊዮን የን ገዛችው። ገንዘቡን ያዋጣው ከመላው አገር ሕዝቡ ነው። አንድ ማዘጋጃ ቤት ለአንድ ሰይፍ ሕዝብን ገንዘብ ለምኖ ሲሞላለት አስቡት።

ምድጃው ያለው ከሙዚየሙ ጎን ነው። ቀጥቃጩ ነጭ ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ በግራ እጃቸው ወናፉን ይገፋሉ። በትናንሽ የተቆረጠው የጥድ ከሰል ፍንጣሪ ይረጫል። ብረቱ ወጣ፤ ቢጫ ሆኗል። በሩዝ ገለባ አመድ ተንከባሎ፣ ጭቃ ውኃ ተደፍቶበት ተመልሶ ገባ። ሲወጣ ጌታው በትንሿ መዶሻ መስፉን መታ አደረጉ። ሁለት ደቀ መዛሙርት ረጃጅም መዶሻቸውን አነሡ። ጌታው የነኩት ቦታ ላይ ነው የሚመቱት፤ ጌታው መስፉን በጎን ሲነኩ ያቆማሉ። ቃል የለም። ፊት የተቀመጡት ሕፃናት ፍንጣሪው ሲበር ጮሁ፤ እኔም ልቤ ዘለለ።

ብረቱ በመካከሉ ተቆርጦ በራሱ ላይ ታጠፈ። እንዲህ አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ ይታጠፋል። ቆሻሻው በየመዶሻው ይወጣል፣ ካርቦኑ እኩል ይሰራጫል። ሞረዱ ሲያልቅ የሚታየው የእንጨት ጅማት የሚመስል ሥሪት ከዚህ ይመጣል።

ከምድጃው ቀጥሎ ባሉት ክፍሎች ሌሎቹ ባለ ሙያዎች ተቀምጠው ይሠራሉ። የሚሞርደው ድንጋይ ላይ አጎንብሷል። አፎት ሠሪው ሆኖኪ የሚባለውን ለስላሳ እንጨት ይፈለፍላል። አንጥረኛው በስለቱና በእጀታው መካከል የምትገባዋን የመዳብ ወይም የብር ቀለበት ያበጃል። አንድ ጩቤ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ይህን በአንድ ቦታ በዓይኔ ማየቴ መንገዱን ሁሉ ካሰኝ። ሞራጁን «ታንቶ ይሻላል ወይስ ረጅሙ?» ብዬ በወዳጄ በኩል ጠየቅሁት። ቀና ሳይል «ታንቶ ዐይን ይፈጃል» አለ። ጫፉ ላይ ለአንዲት ሳንቲ ሜትር ግማሽ ቀን እንደሚቀመጥ ነገረን።

ሰኞ፣ ኅዳር 2፦ ቀጥቃጩ ቤት

ቶኪዮ ሳለሁ በደብዳቤ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ስማቸውንና መንደራቸውን አልጽፍም፤ በር የሚያንኳኳ እንግዳ እንዲበዛባቸው አልፈልግም። ከኦካያማ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ክንዳቸው ግን እንደ ገመድ የተገመደ ሰው ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የይርጋ ጨፌ ቡና ይዤላቸው ሄጄ ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጃፓኖች የእኛን ቡና ሞካ በሚል ስም ያውቁታል። «ኦ፣ ሞካ!» ብለው አሸተቱት። ባለቤታቸው አረንጓዴ ሻይና የተላጠ ካኪ አቀረቡ።

ጓሮ አንድ ወጣት ከሰል ይቆርጣል። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ፊቱም እጁም ጠቁሯል። ደሞዝ የለውም፤ ጌታው ያበሉታል። ፈቃድ ካለው ቀጥቃጭ ዘንድ ቢያንስ አምስት ዓመት ካልተማረና የባህል ኤጀንሲውን ፈተና ካላለፈ በስሙ መሥራት አይችልም። ልጁን «ምን አመጣህ?» አልኩት። ልጅ ሳለ ሙዚየም ውስጥ አንድ ታንቶ አይቶ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ እንዳልቻለ ነገረኝ። ዛሬ መላው ጃፓን ውስጥ በሥራ ላይ ያሉት ቀጥቃጮች ሁለት መቶ አይሞሉም፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል። ኦሱሚ ቶሺሂራና አማታ አኪትሱጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የአገር ሕያው ቅርስ የተባሉት ሁለቱ ጌቶች፣ አንዱ በ2009 አንዱ በ2013 አርፈዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይ ዕድሜ ይስጥህ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

ወደ ቤት ገባን። መስኮቱን ጋረዱና አንድ አምፖል አበሩ። ነጭ የእንጨት አፎት አመጡ። መዘዝኩት።

ርዝመቱ 8 ሱን ከ5 ቡ ነው፤ 26 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ጥቂት የቀረው። ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ መካከሉ ላይ ሸንተረር የለውም። ጀርባው ቀጥ ብሎ ሄዶ ጫፉ ላይ ለዐይን በማይታወቅ መጠን ወደ ስለቱ ያጋድላል። ወደ አምፖሉ አዘንብዬ ዐይኔን አስጠጋሁ። የስለቱ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ ከላዩ ግን ደቃቅ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል፣ በንጋት ሣር ላይ እንደተኛ ውርጭ። ትንሽ ሳዞረው ይጠፋሉ፤ ስመልሰው ይመጣሉ። ከመስመሩ በላይ የብረቱ ሥሪት ውኃ ላይ እንደሚሄድ ነፋስ ይታያል። ጫፉ ላይ መስመሩ ክብ ሠርቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፎቶ አነሣሁ፤ ከፎቶው አንዱም ይህን አልያዘም።

«ረጅም ሰይፍ ላይ ዐይን ይሄዳል፣ ያልፋል» አሉ። «ጩቤ ላይ የሚሄድበት የለውም። አንዲት ስንጥቅ ካለች እሷን ብቻ ነው የምታየው።» ስለዚህ ከሠሯቸው ታንቶዎች ብዙዎቹን ራሳቸው ሰባብረው ወደ እሳት መልሰዋቸዋል።

ከዚያ በትንሿ የናስ መዶሻ የቀርከሃዋን ችንካር ገፍተው እጀታውን አወጡ። እጀታ ውስጥ የሚደበቀው የብረቱ ጭራ አዲስ ስለሆነ ገና ነጭ ነው። የሞረዱ መስመሮች በአንድ አቅጣጫ ጋደል ብለው ተሰልፈዋል። በአንዱ ወገን ስማቸው፣ በሌላው ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል፦ በጃፓኖች አቆጣጠር ሬይዋ 5፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 2023። ጣቴን ሳላስነካ አጎንብሼ አየሁት። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጭረት አይደለም። በትንሽ መሮ ብዙ ጊዜ መታ መታ ተደርጎ የተያያዘ ነው። ይህ ጭራ ወደፊት ይዝጋል፤ በመቶ ዓመት ይጠቁራል። ያን ዝገት ማንም መፈግፈግ የለበትም፤ የብረቱ ዕድሜ የሚነበበው በእሱ ነው።

«እናንተስ አገር ቀጥቃጭ ስሙን የት ይጽፋል?» ብለው ጠየቁኝ።

አይጽፍም አልኳቸው። እውነቱን ነገርኳቸው። አያቶቻችን ያረሱበትን ማረሻ፣ ያጨዱበትን ማጭድ፣ አድዋ ላይ የያዙትን ጎራዴ የሠራውን ሰው ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው ብለን ልጃችንን አንድርለትም ያልን ሕዝብ ነን። ጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤሎች ይህን ስድብ ተሸክመው ለአገሩ ሁሉ ብረት ቀጠቀጡ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ገጠር ውስጥ ገና አልሞተም። ወዳጄ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። ሽማግሌው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «የሠሩት ማጭድ ግን አለ?» አሉ። አለ አልኳቸው። «አምጣልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። የምራቸውን ነው።

ጩቤው 580 ሺ የን ነው፤ ወደ 3,800 ዶላር። የብር ቀለበቱና አፎቱ ተካትቷል። አልተከራከርኩም። እዚህ ዋጋ መከራከር የተለመደ አይደለም፤ እኔም ልጁን ከሰል ሲቆርጥ ካየሁ በኋላ አፌ አይከፈትልኝም ነበር። ግማሹን ከፍዬ ግማሹን ወረቀቱ ሲያልቅ ልልክ ተስማማን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፦ ኦኩኢዙሞ

ወዳጄ ለሥራው ወደ ቶኪዮ ተመለሰ። እኔ በጠዋት ብቻዬን ወደ ሺማኔ ተራሮች ሄድኩ። ሽማግሌው «ብረቱ የሚወለድበትን ሳታይ አትሂድ» ብለውኝ ነበር።

ከሺንጂ የምትነሣው ባቡር አሁንም አንድ ፉርጎ ናት። በቀን የምትሄደው ጥቂት ጊዜ ነው። ሽቅብ ስትወጣ እርጥብ ቅጠል ሐዲዱን ሸፍኖት መንኮራኩሩ መንሸራተት ጀመረ። ቆመች። ወደ ኋላ ሄደች፣ ሞከረች፣ ቆመች። ሹፌሩ ወርዶ አሸዋ በተነ። ከእኔ ሌላ ያሉት ሦስት ሽማግሌዎች እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። አርባ ደቂቃ ዘግይተን ኢዙሞ ዮኮታ ደረስን። ጣቢያው ራሱ ቤተ መቅደስ ይመስላል፤ በሩ ላይ ትልቅ የሩዝ ገለባ ገመድ ተሰቅሏል።

ታታራ የብረት አሸዋ የሚቀልጥበት የጥንት ምድጃ ነው። የታታራና የሰይፍ ሙዚየሙ በእግር ቅርብ ነው። የምድጃው ግማሽ በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ቆሟል። የሚያስደንቀው ከመሬት በታች ያለው ነው። እርጥበት እንዳይወጣ ብዙ ሜትር ተቆፍሮ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ ሸክላ፣ ከሰል ተደርቦበታል። ላይ የሚታየው የጭቃ ገንዳ ትንሽ ነው።

ዋናው ታታራ እዚሁ አካባቢ ነው፤ ለጎብኚ አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ1977 የሰይፉ ማኅበር ዳግም ያስነሣው ነው። በክረምት፣ በረዶው ሲበረታ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይነድዳል። ወደ 10 ቶን የብረት አሸዋና ወደ 12 ቶን ከሰል ይበላል። መጨረሻ ላይ ገንዳው ይፈርስና 2.5 ቶን የሚያህል የብረት ግግር ይወጣል። ከዚያ ተለቅሞ ጥሩው ታማሃጋኔ ይባላል። በየአገሩ ላሉ ቀጥቃጮች የሚታደለው ይሄ ነው። የሽማግሌው ጩቤም ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ጥሬ ቁራጭ መንካት ስለሚፈቀድ አነሣሁ። ከመልኩ በላይ ይከብዳል፤ ስብራቱ ላይ ብር ብር ይላል።

ምሳ በሦስት ድርብ ክብ ሣህን የሚቀርብ የኢዙሞ ሶባ የሚባል ኑድል ነው፤ 1,000 የን ገደማ። መረቁን አናቱ ላይ አፍስሰህ ትበላለህ። ጥቁር ነው፣ የእህል ጠረን አለው፣ ከቶኪዮው በጣም ይሻላል። ባለቤቷ ከየት እንደመጣሁ በምልክት ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት «አበበ!» አለች። የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ማራቶን እዚህ ተራራ ላይም አልተረሳም። ተጨማሪ ሣህን አመጣችልኝና አላስከፍልም አለችኝ።

ስለ ወረቀቱ

መሰብሰብ ለምትፈልጉ ይህን ልጨምር። ጩቤውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መውጣት አይቻልም። የምዝገባው ወረቀት ለትምህርት ቦርዱ ይመለሳል። ከባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስችል ማረጋገጫ ይወጣል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቀጥቃጩ ወይም ነጋዴው ይጨርስላችኋል። በሌላ አገር የምትኖሩ ከመክፈላችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ ጠይቁ። ዱባይ ላለችው እህቴ አንድ ልልክ ፈልጌ ስጠይቅ ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሰምቼ ተውኩት።

የእኔ በጥር ደረሰ። በሣጥኑ ውስጥ ዘይት፣ ለስላሳ ወረቀትና የልጁ በእጁ የተጻፈ ደብዳቤ ነበረበት። በየጥቂት ወሩ አሮጌውን ዘይት ጠርጌ አዲስ እቀባለሁ። ሽማግሌው ሁለተኛ ትእዛዜን ተቀብለዋል፤ ተራዬ የሚደርሰው ከዓመት ተኩል በኋላ ነው። በመጪው ፋሲካ አገር ቤት ስገባ ጎንደር ወርጄ ማጭድ የሚቀጠቅጥ ሰው እፈልጋለሁ። ሁለት አሠራለሁ፤ አንዱ ለእሳቸው ነው። ቀጥቃጩ ፈቃዱ ከሆነ ስሙን ብረቱ ላይ እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ።